ነጥብ የሚሰጥ ምስጋና

በጎባ ብርድ ሰውነት የሚያሞቅ ጨዋታ ማን ይጠላል? ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው «ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን» እንዲህ ያለ ነው። ቀስቶች በስክሪኑ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ተጫዋቹም የዘፈኑን ምት ጠብቆ፣ ከእግሩ ሥር ካሉት አራት ቀስቶች ትክክለኛውን ይረግጣል። ስሕተት ከበዛ ጨዋታው ይቋረጣል።

በ2005 ዲጂታል ፕሬይዝ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በዚያው ዓይነት «ዳንስ ፕሬይዝ»ን አወጣ፤ በዘፈን ፈንታ የክርስቲያን መዝሙሮችን አስገባበት። አሳቡ መልካም ነው። ስሙ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። መዝሙር ገባ እንጂ ዳኛው ያው ነው። ማሽኑ የሚያውቀው እግራችሁ በሰዓቱ መርገጡን ብቻ ነው። ከልቡ የሚያመሰግነውም፣ ስለ እግዚአብሔር ግድ የሌለውም እኩል ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ስለዚህ ጥሩ ጨዋታ፣ ጥሩ ስፖርት በሉት፤ ምስጋና ግን አትበሉት።

2ኛ ሳሙኤል 6ን አንብቡ። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው። እርሷ ያየችው እንቅስቃሴውን ነው፤ እርሱ የዘለለው ግን በእግዚአብሔር ፊት ነበር።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በመዘምራን ልምምድ ሽብሸባው እኩል እንዲሆን መድከም ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዲት እህት ስትሳሳት የሁላችንም ዓይን እግሯ ላይ ካረፈ፣ ማሽኑ እኛው ሆነናል። በሚቀጥለው ልምምድ ያቺን ያፈረች እህት አጠገባችሁ አቁሟት፤ ምቱንም አብራችኋት ቁጠሩ።