ስለ አድሚራል ፊትዝሮይ የአየር ጠባይ መጽሐፍ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለችው መርከብ በሰሜን ዌልስ ጠረፍ በማዕበል ተሰብራ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ አድሚራል ሮበርት ፊትዝሮይ በ1861 በብሪታንያ ወደቦች የማዕበል ማስጠንቀቂያ ምልክት በምሰሶ ላይ እንዲሰቀል አደረገ፤ ሐሳቡንም በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። ትንበያ ትንቢት አይደለም ማለቱን እናደንቃለን። ነገር ግን በቴሌግራፍ ከሚደርሰው የባሮሜትርና የነፋስ ወሬ ተነሥቶ ወደ ፍርዱ እንዴት እንደሚደርስ ደረጃ በደረጃ አያስረዳም፤ ዕውቀቱ በራሱ ልብ ብቻ የቀረ ይመስለናል። እርሱ በ1865 ከሞተ በኋላ መርማሪ ጉባኤ ይህንኑ ጉድለት ነቀፈ፤ ማስጠንቀቂያውም በ1866 ቀረ። ነቀፌታው እውነት ነበረ፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው እንላለን። ዓሣ አጥማጅ የሚጠይቀው ምልክቱ መሰቀሉን እንጂ ሕጉ መጻፉን አይደለምና። በ1867 ምልክቱ እንደ ገና ተሰቀለ።