የ24 ቀለም ድህነት

በአገራችን ሥዕል ለመጀመር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ልሣል?» ብሎ አይደለም፤ «ስንት ያስፈልገኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው አያስነቅፍም። ቀለም ይገዛል፣ ብሩሽ ይገዛል፣ ሸራ ይገዛል፤ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ደግሞ ማንንም አይምርም። የሚያስነቅፈው የሚሰጠው መልስ ነው። ዘወትር የሚሰሙት መልሶች ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም ጀማሪውን ከደጃፍ የሚመልሱ ናቸው። አንደኛው «ሙሉ ዕቃ ሳይኖርህ አትጀምር» ይላል። ሁለተኛው «ተሰጥኦ ካለህ በከሰልም ትሥላለህ» ይላል። ሁለቱን መልሶች በአክሪሊክ ቀለም ምሳሌነት ልመረምራቸው እፈልጋለሁ።

አክሪሊክን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ይፈልጋል፤ ይሸታል፤ ለመድረቅም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ከወንድምና ከእኅት ጋር በአንዲት ክፍል ለሚያድር ወጣት ይህ ሁሉ ጣጣ ነው። አክሪሊክ ግን በውኃ ይቀጥናል። ብሩሹ በውኃና በሳሙና ይታጠባል። ሥሥ ቅብ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ አንዴ ከደረቀ ደግሞ ውኃ አያስለቅቀውም። በወረቀት፣ በጨርቅ፣ በእንጨት ላይ ይይዛል። ማታ የተሣለው ጠዋት ከግድግዳ ጥግ ሊደገፍ ይችላል። ለጠባብ ቤት የተፈጠረ ቀለም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የትውልድ ታሪኩም ከቅንጦት የራቀ ነው። የሜክሲኮ የግድግዳ ሠዓሊዎች ለሕዝብ አደባባይ የሚሆን፣ ቶሎ የሚደርቅና ጠንካራ ቀለም ሲፈልጉ ፊታቸውን ወደ ፋብሪካ አዞሩ። ከእነርሱ አንዱ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ እ.ኤ.አ. በ1936 በኒውዮርክ በከፈተው የሙከራ አውደ ጥናት ለመኪና በሚቀባ ቀለም ይሠራ ነበር፤ ከተሳታፊዎቹ መካከል ያኔ ስሙ ያልታወቀው ጃክሰን ፖሎክ ይገኝበታል። ፖሎክም ኋላ ዝነኛ ያደረጉትን ሥዕሎች በአብዛኛው የሠራው በቤት ቀለም ነው። በውኃ የሚቀጥነው የሠዓሊዎች አክሪሊክ ለገበያ የቀረበው ደግሞ በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ነው። እንግዲህ ዛሬ በመስታወት መደርደሪያ ላይ በኩራት የሚታየው ቱቦ መንገዱን የጠረገለት የጋራዥና የግንበኛ ቀለም መሆኑን ጀማሪው ቢያውቅ አይጎዳውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ ልመለስ። «ሙሉ ዕቃ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ባለ 24 ቀለም ሳጥን ነው። ይህን ሳጥን እንደ አንድ መጽሐፍ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል፤ እኔም የማነበው እንደዚያ ነው። ሽፋኑ ብዙ ተስፋ ይሰጣል። ውስጡ ግን ጣት የሚያካክሉ 24 ቱቦዎች፣ ጠጉራቸው የሚረግፍ ሁለት ሦስት ብሩሾች፣ አንዲትም የፕላስቲክ መደባለቂያ ናቸው። ነጩ ቱቦ ከሌሎቹ እኩል ነው። ይህ ብቻ ሳጥኑን ያሰናዳው ሰው ሥዕል ሠርቶ እንደማያውቅ ይመሰክርበታል፤ ሥዕል የሚሠራ ሁሉ ከማንም ቀለም በፊት የሚያልቀው ነጭ መሆኑን ያውቃልና። በርካሽ ቱቦ ውስጥ ደግሞ የቀለሙ ዱቄት ጥቂት፣ መሙያው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ቀብቶ መሸፈን የሚገባውን ሦስት ጊዜ ያስቀባል። ርካሽ መስሎ የተገዛው በዚህ መንገድ ውድ ይሆናል።

ከዋጋው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሳጥኑ የሚያስተምረው ትምህርት ነው። አረንጓዴው ተደባልቆ መጥቷል፤ ቡናማው ተደባልቆ መጥቷል፤ ሐምራዊው ተደባልቆ መጥቷል። ጀማሪው ሣር ሲያይ እጁ አረንጓዴ ወደሚለው ቱቦ ይሄዳል። የእንጦጦ ሣር በመስከረም አንድ፣ በጥር ሌላ መሆኑን፣ ጠዋት ብጫ፣ አመሻሽ ላይ ግራጫ እንደሚመስል አያይም፤ ለማየት አልተገደደምና። በየጀማሪዎች ትርዒት ላይ ከአሥር መልክዓ ምድሮች በሰባቱ ያንኑ ጥሬ አረንጓዴ የምናገኘው ለዚህ ይመስለኛል። ጉድለቱ የዓይን እንጂ የእጅ አይደለም፤ ዓይኑን ደግሞ ያሰነፈው ሳጥኑ ነው።

በብዙ ሳጥኖች ውስጥ «የሥጋ ቀለም» የሚል ቱቦም አለ። ስንከፍተው ሐመር ሮዝ ነው። የማን ሥጋ ነው? የመርካቶ ተሸካሚ ሥጋ አይደለም፤ የጎንደር እመቤት ሥጋ አይደለም፤ የጋምቤላ ወጣት ሥጋ አይደለም። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የእናቱን ፊት ሊሥል ተቀምጦ «ሥጋ» የተባለው ቀለም እናቱን የማይመስል ሆኖ ሲያገኘው፣ የሚጠራጠረው ቱቦውን ሳይሆን ራሱን ነው። ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ እንዲሉ፣ የእናቱን ፊት የሚያገኘው ራሱ ሲደባልቅ ብቻ ነው፤ ከቡናማው፣ ከብጫው፣ ከጥቂት ቀይ፣ በጥላው በኩልም ጠብ ከምትል ሰማያዊ።

ታዲያ ምን ይገዛ? ለእኔ አምስት ቱቦ ይበቃል፤ ትልቅ ነጭ፣ አንድ ጥልቅ ሰማያዊ (አልትራማሪን የሚባለው)፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ብጫ፣ አንድ የተቃጠለ አፈር የሚመስል ቡናማ። ጥቁር አያስፈልግም፤ አልትራማሪንና ጥቁር ቡናማ ሲደባለቁ ከቱቦ ከሚወጣው ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ጥቁር ይሰጣሉ። ለ24ቱ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ የተሻለ ጥራት ባላቸው አምስት ቱቦዎች ላይ ይዋል። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን በነጭ፣ በጥቁር፣ በቀይና በብጫ አፈር ብቻ በሠራቸው የሰው ፊቶች ይታወቃል። ከብሩሽ አንድ ሰፊ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ቀጭን ይበቃሉ። ብሩሹ ግን በቀለም ተነክሮ ለደቂቃዎች እንኳ መረሳት የለበትም፤ አክሪሊክ ሥሩ ላይ ከደረቀ ብሩሹ እንጨት ይሆናል።

አምስት ቀለም ያንሳል የሚል ካለ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ይግባ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ከቀይ፣ ከብጫ፣ ከሰማያዊ፣ ከአረንጓዴና ከጥቁር ብዙም ሳይርቅ በእንጨት ገበታ ላይ የሣላቸው የማርያም ሥዕሎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቁልቁል የሚያዩን የመላእክት ፊቶች በዓይን እንጂ በቀለም ብዛት አይለያዩም። እነዚያ ሠዓሊዎች ቀለም ያነሳቸው ሰዎች አልነበሩም። ያላቸውን ቀለም ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ።

ወደ ሁለተኛው መልስ ስመጣ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ፤ ምክንያቱም ይህ መልስ መልካም ይመስላል። «በከሰልም ትሥላለህ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ምሳሌ ይጠቅሳል፤ እስክንድር ቦጎሲያን በዛፍ ልጥና በቆዳ ላይ ሠርቷል፣ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ፍላጭ ላይ ሠርቷል፣ ኤልያስ ስሜ በቁልፍና በተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሠርቷል ይላል። እውነት ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ዕቃውን የመረጡት መርጠው ነው። የቀርከሃው ፍላጭ ጥቅልልንና ክታብን እንዲያስታውስ፣ የተጣለው ሽቦ ስለ ዘመናችን እንዲናገር ተፈልጎ ነው። ምርጫን ከእጦት ጋር መደባለቅ የጠገበ ሰው ለተራበ የሚሰጠው ስብከት ነው። ዕቃ የሌለውን ልጅ በተሰጥኦ ስም ባዶ እጁን መሸኘት አድናቆት አይባልም።

ደግሞም ዕቃ የራሱ ሕግ አለው። ርካሽ የግድግዳ ቀለም ሙሉ በሙሉ የአክሪሊክ ምትክ አይሆንም፤ ኖራና መሙያ ይበዛበታል፣ ቀለሙም ብርሃን ሲያየው ቶሎ ሊደበዝዝ ይችላል። ለልምምድና ለመደብ ይሆናል፤ ለሚሸጥ ሥዕል ግን ገዢውን ማታለል ነው። በዘይት ላይ የተመሠረተ የበርና የመስኮት ቀለም ከሥር ተቀብቶ አክሪሊክ ከላይ ቢመጣ ውሎ አድሮ ይላጣል። አክሪሊክን ከልክ በላይ በውኃ ማቅጠንም ማያዣውን ያዳክመዋል። እርጥብ ሳለ ፈዘዝ ያለው ቀለም ሲደርቅ ጠቆር ይላል፤ ማያዣው እርጥብ ሳለ እንደ ወተት ነጣ ያለ ሆኖ ሲደርቅ ብርጭቆ ስለሚመስል ነው። ይህን ያልተነገረው ጀማሪ የደከመበት ሰማይ ማግስቱን ተለውጦ ሲያገኘው «አልችልም» ይላል። «ተሰጥኦ» የሚለው ቃል እንዲህ ያለውን ቀላል ዕውቀት ሸፍኖ ስንቱን ከሥዕል አስቀርቷል!

መቆጠብ የሚቻለው በሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሸራ መግዛት ብክነት ነው። ወፍራም ካርቶን፣ የተራረፈ ኮምፔንሳቶ፣ በፍሬም ላይ የተወጠረ አቡጀዲድ ያገለግላሉ። አቡጀዲዱን በቀጠነ የአናጢ ነጭ ኮላ ቀብቶ ማድረቅ፣ ከዚያ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ መደረብ ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው። ጀሶ የሚለውን ቃል ክንድ ሲሰበርና ኮርኒስ ሲሠራ እናውቀዋለን፤ ጣሊያኖቹ ግን የሥዕልን መደብ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው፤ የጥንት ሠዓሊዎቻችንም የእንጨት ገበታቸውን በጀሶ ያለሰልሱ ነበር። ቀለም እንዳይደርቅ ውድ መያዣ አያስፈልግም። ክዳን ባለው ምሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጎ፣ ቀለሙን በዚያ ላይ መደባለቅ ነው። ክዳኑ ከተገጠመ ነገም ይሠራበታል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የገበያ ዝርዝር ለማውጣት አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ ሥዕል የመኳንንት ቤት ጌጥ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በር ከፍተዋል። ሆኖም ሁሉም ትምህርት ቤት አይገባም። ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለው ብዙ ሰው የሚማረው ከሳጥንና ከስልክ ነው። በስልኩ ላይ የሚታየው መምህር መደርደሪያ ሙሉ ቀለም ይዞ «ቀላል ነው» ይላል፤ ተመልካቹ ግን መደርደሪያውን እንጂ ቅለቱን አያይም። ሳጥን መግዛት የቻለ ብቻ የሚሥል ከሆነ፣ ነገ በየአዳራሹ የምናየው አገር ሳጥን መግዛት የቻሉ ሰዎች ያዩት አገር ብቻ ይሆናል። ያ አገር ደግሞ አረንጓዴው ጥሬ፣ ሥጋው ሮዝ ነው።

ሐያስያንም ድርሻ አለን። ስለ ጀማሪዎች ትርዒት ስንጽፍ «ቀለሙ ደማቅ ነው» ብለን ማለፍ ለምደናል። ደማቅነቱ ከቱቦው ይሁን ከሠዓሊው መጠየቅ ይገባናል። በአምስት ቀለም የተሠራ ትክክለኛ የእናት ፊት ብናገኝ፣ ካርቶን ላይም ቢሆን፣ ከወርቃማ ፍሬም አስቀድመን ልንጽፍለት ይገባል። ለጀማሪው ደግሞ የምለው አጭር ነው፤ ነጩን ትልቅ አድርገህ ግዛ፣ «የሥጋ ቀለም» የሚለውን እዚያው ተወው።