ስለ ከርነል መውጫ ሥርዓት

ስርዓተ ክወናን የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልቡ የሚያዘነብለው ወደ መግቢያው ነው፤ ይኸውም ፕሮግራም ፋይል ለማንበብ ወይም መልእክት ለመላክ ሲሻ በሲስተም ኮል ወደ ከርነል (ወደ ስርዓተ ክወናው እምብርት) የሚገባበትን መንገድ አጥብቆ ይመረምርና መመለሻውን ግን እንደ ቀላል ነገር ያልፈዋል። እኔ በዚህ ሙያ እንደ ተረዳሁት የከርነል ጥበብ የሚፈተነው በመውጫው ነው። በጣራ ገዳም የሰነበተ እንግዳ አባቶችን ሳይሰናበትና ቡራኬ ሳይቀበል መውጣት እንደማይገባው ሁሉ፣ ፕሮግራምም ከከርነል የሚወጣበት ሥርዓት አለው።

ከርነሉ የጥያቄውን መልስ በሬጂስተር ካኖረ በኋላ፣ ለፕሮግራሙ የደረሰ ሲግናል (የማስታወቂያ መልእክት) መኖሩን፣ ተራውንም ለሌላ መልቀቅ የሚገባው መሆኑን ይመረምራል። ነገር ግን ከምርመራው በኋላ፣ ከመውጣቱም በፊት ባለችው ቅጽበት ኢንተራፕት (የፕሮሰሰሩን ሥራ አቋርጦ የሚገባ ጥሪ) ደርሶ አዲስ ሲግናል ቢያመጣ፣ ፕሮግራሙ ሲግናሉን ሳይቀበል ይወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ኢንተራፕትን መዝጋት፣ ቀጥሎ መመርመር፣ ሥራ ከተገኘም ከፍቶ መፈጸም፣ ከዚያም እንደ ገና ዘግቶ እንደ ገና መመርመር ግድ ነው፤ የሚወጣውም የመጨረሻው ምርመራ ምንም ሳያገኝ ሲቀር፣ ኢንተራፕቱ እንደ ተዘጋ ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲዛባ የሚደርሰውን ጥፋት እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው የሲስሬት ጉድለት አሳይቶናል። ሲስሬት የተባለው የመመለሻ ትእዛዝ በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ የመመለሻው አድራሻ ሕጉን የጣሰ ሆኖ ሲያገኘው፣ ስሕተቱን የሚያስታውቀው የከርነልን ሥልጣን ገና ሳይለቅ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ከርነሉ የፕሮግራሙን ስታክ (ጊዜያዊ የማኖሪያ ቦታ) አስቀድሞ መልሶለታል። እንግዲህ ክፋት ያሰበ ሰው የከርነልን ሥልጣን በራሱ ስታክ ላይ ሊያገኝ ይችል ነበር። ሊኑክስ ይህን ቀዳዳ በ2006 የደፈነው ሲሆን፣ ዜን፣ ፍሪቢኤስዲና ዊንዶውስ የታረሙት በ2012 ነው። መድኃኒቱም አድራሻውን አስቀድሞ መፈተሽ፣ አጠራጣሪ በሆነም ጊዜ አይሬት በተባለው በዘገየው ነገር ግን በታመነው ትእዛዝ መመለስ ነው።

እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የራሱን መውጫ ለብቻው ሲጽፍ ያው ስሕተት በየስፍራው ይደገማልና፣ የሊኑክስ ከርነል አልሚው ቶማስ ግላይክስነር ያዘጋጀው የጋራ መግቢያና መውጫ ኮድ በ2020 በሊኑክስ 5.9 መግባቱ ትልቅ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ የታረመ ለሚጠቀሙበት ሁሉ ይታረማልና።

ይህ ኮድ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ በደብረ ታቦር የሚማር ወጣትም ሊያነበው ይችላል። ሲያነብም በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቆም ብሎ፣ ኢንተራፕት እዚህ ቢደርስ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቅ፤ ይህን መጠየቅ ልማድ ያደረገ ሰው ከርነልን ለማረም ብቁ መሆን ጀምሯል።