የተቀባ ፊትና የገዛ ፊት

በሰሜን ወሎ፣ ከሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ከመርሳና ከወልድያ ዙሪያ ተነሥተው፣ ከፊሎቹ በደላላ መሪነት የአፋርን በረሃ አቋርጠው ከጅቡቲዋ የኦቦክ ወደብ በጀልባ፣ ከፊሎቹም በቪዛ በአውሮፕላን ወደ ሳውዲ ዓረቢያ የሚሰደዱት ወጣቶች፣ በአገራቸው ሳሉ በአባታቸው ስምና በትውልድ መንደራቸው ይታወቁ የነበሩ ሲሆኑ፣ ከአሠሪያቸው ደጃፍ በደረሱ ጊዜ ግን ሰብእናቸው ሁሉ በገጻቸው ኅብር ተጠቅልሎ ጥቁር ብቻ ሆነው ይገኛሉ። የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ በአንድ አሠሪ እጅ የሚያስረውን የከፋላን ሥርዓት የሕግ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ መርምረውታል፤ የዚህ ዳሰሳ ነገር ግን በጥቁሩ ላይ የሚሣቀው ሣቅ ነው።

በረመዳን ጾመኛው ካፈጠረ በኋላ ኮሜዲ ድራማ ማሳየት የዓረብ ጣቢያዎች ልማድ ነውና፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የኩዌቱ «ብሎክ ገሽመራ» ተዋንያኑን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሱዳናውያንን በሰነፍ አምሳል አቀረበ፤ በዚያው ረመዳን በግብፁ «ዐዝሚ ወአሽጃን» መሪዎቹ ተዋንያን ለሣቅ ሲሉ ፊታቸውን አጠቆሩ። ለኩዌቱ፣ ተቃውሞ በበረታ ጊዜ፣ ይቅርታ ተጠየቀ። ቀለሙ በውሃ ይለቃል፤ የስንፍናው ክስ ግን፣ ደመወዝ ለመያዝና ዕረፍት ለመንፈግ ምክንያት የሚሆን ነውና፣ ሳሎን ከተሣቀ በኋላ ወጥ ቤት ድረስ ወርዶ ሳህን የምታጥበውን የሀብሩን ልጅ ያገኛታል።

በአንጻሩ ጥቁር አሜሪካዊቷ ኢሳ ሬይ ከላሪ ዊልሞር ጋር የፈጠረችው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 በኤች.ቢ.ኦ. ጣቢያ የታየው «ኢንሴኪዩር» የተሰኘው ኮሜዲ ድራማ፣ ቀልዱን ከተሣቀባት ሴት ልቡና ያፈልቃል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ የሆነችው ጠበቃይቱ ሞሊ የነጭ ባልደረባዋ የደመወዝ ቼክ በስሕተት እጇ ገብቶ ከእርሷ የሚበልጥ መሆኑን ታያለች፤ ይህ ለማንም ግልጽ በደል ነው። የሚረቀው ግን ከዚያ ቀደም ያለው ትእይንት ነው፤ ይህችው ሞሊ ለልምምድ የመጣችውን ጥቁር ወጣት አነጋገሯን ለነጮቹ ጆሮ እንድታስተካክል ትመክራታለች፣ ልጅቱም ምክሩን አትቀበልም። ድርሰቱ ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ተበዳዩ ራሱ የበዳዩን ሥርዓት ተቀብሎ፣ ያውም በቅን ልቡና፣ እንዴት እንደሚያስተምር ይገልጣልና።

እንዲህ ከሆነ ፍርዱ የእኛንም ቤት አያልፍም። እንደ «ቤቶች» ባሉ ኮሜዲዎቻችን የቤት ሠራተኛዋ የሣቅ ምንጭ ናት፤ ከገጠር የመጣች እንደ ሆነችማ ዘዬዋ ብቻ ለቀልድ ይበቃል። (የወሎ ዘዬ ለዘፈን ሲሆን ይወደሳል፣ ለሠራተኛ ሲሆን ያሥቃል።) የሱዳናዊው ፊት ሲቀባ የምንቆጣ ሰዎች፣ የመንደራችን ልጅ አንደበት በሌላ ተዋናይ ሲቀባ አብረን እንሥቃለን።

በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ሲመለሱ ዜናው ቁጥራቸውን ነገረን፤ ከመካከላቸው የማዳሟን (የእመቤቲቱን) ትዕቢትና የአሠሪውን ንፍገት እያስመሰለች ጎረቤት የምታሥቅ ተመላሽ ግን፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ በቴሌቪዥናችን ዋና ገጸ ባሕርይ አልሆነችም። እንግዲህ የወልድያና የመርሳ ጸሐፍት ሆይ፣ ከእርሷ ጋር ተቀምጣችሁ፣ ስሟንም በደራሲነት አስገብታችሁ፣ የእርሷን ታሪክ በተውኔት ጻፉ።