ኅብረ ሕዋስን ከስክሪን ላይ ማስተማር

ሂስቶሎጂ፣ ማለትም የኅብረ ሕዋሳትን ረቂቅ አሠራር የሚያጠናው የሕክምና ትምህርት ዘርፍ፣ በመስታወት ስላይድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በፎርማሊን ከመበስበስ የተጠበቀው ናሙና በፓራፊን ሰም ከተሞላ በኋላ ማይክሮቶም በተባለ መቁረጫ ወደ 5 ማይክሮሜትር ሳስቶ ይቆረጥና ኒውክለሱን ሰማያዊ በሚያደርገው ሄማቶክሲሊንና የቀረውን ሮዝ በሚያደርገው ኢዮሲን ይቀለማል። ዲጂታል ስላይድ የሚባለው ይኸው መስታወት በስካነር ከዳር እስከ ዳር ተነሥቶ የሚገኘው ምስል ነው። አንድ ፒክስል 0.25 ማይክሮሜትር ሲወክል፣ ጎንና ጎኑ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ናሙና 3.6 ቢሊዮን ፒክስል ይወጣዋል፤ ይሁን እንጂ ፋይሉ በየማጉያ ደረጃውና በትናንሽ ካሬዎች ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ የሚጠራው ተመልካቹ የቆመበትን ክፍል ብቻ ነው። እንደ ሆሳዕናው ዋቸሞ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ምስሎቹን በግቢው ሰርቨር ላይ ማኖር የሚመረጠውም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ነው።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም መምህሩና ተማሪው አንድ ነገር ማየታቸው ነው፤ ድሮ ተማሪው «አየሁ» ሲል የአየር አረፋ ይሁን የስብ ሕዋስ ያየው፣ መምህሩ ራሱ ጎንበስ ብሎ ካላረጋገጠ በቀር አይታወቅም ነበር። የታይሮይድ እጢ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፎሊክል የሚባሉት ክብ ከረጢቶች ለሆርሞን ማከማቻ በሚያገለግል ኮሎይድ ተሞልተው፣ ዙሪያቸውን በአንድ ረድፍ ሕዋስ ታጥረው ይታያሉ፤ እጢው ሥራ ሲበዛበት ሕዋሶቹ ይረዝማሉ፣ የኮሎይዱም ጠርዝ እየተቦረቦረ ይሄዳል። በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት በኢትዮጵያ ደጋዎች የቆየ ችግር በመሆኑ፣ ጤናማውንና የታመመውን እጢ ጎን ለጎን ማየት ከሆሳዕናም ሆነ ከዱራሜ ለመጣ ተማሪ ባዕድ ነገር አይሆንም። ተማሪው ግን ከፍተኛውን ማጉያ ለመጫን ይቸኩላልና፣ የእጢውን አጠቃላይ ቅርጽ በዝቅተኛው ማጉያ ዐይቶ በቃል ሳይገልጽ ወደ ውስጥ እንዲገባ አለመፍቀድ የመምህሩ ድርሻ ነው።

ስክሪኑ የማይሰጠው ጥልቀትን ነው። አብዛኛው ዲጂታል ስላይድ በአንድ የፎከስ ደረጃ ብቻ የተነሣ ስለሆነ፣ ምስሉ ይጎላል እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይፈተሽም፤ በሻሾጎና በባደዋቾ ቆላማ ቀበሌዎች የወባ ምርመራ ሲደረግ ግን፣ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የታየው ነጥብ ጥገኛ ተሕዋስ ነው ወይስ ከላይ ያረፈ የቀለም ዝቃጭ የሚለው የሚለየው ፎከሱን በጥቂቱ በማዞር ነው። ስላይዱን በአብዛኛው የሚያነበው የላቦራቶሪ ባለሙያ ቢሆንም፣ ውጤቱን የሚጠራጠር ሐኪም ራሱ ማየት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ትምህርቱ በስክሪን ተጀምሮ፣ የተግባር ፈተናው ተማሪው ስላይዱን በእጁ ይዞ፣ ብርሃኑንና ፎከሱን ራሱ አስተካክሎ በማይክሮስኮፕ እንዲሰጥ ማድረግ ይገባል።