ቴስተር ባይበራም

በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደረት ኪስ ውስጥ ቴስተር ካቻቢቴ አይጠፋም። ጫፉን ሶኬቱ ውስጥ ያስገባል፣ ጣቱን ከመያዣው አናት ላይ ያሳርፋል፤ ካልበራ «የለውም» ይልና ሽቦውን በባዶ እጁ ይይዛል። ከአለቃው አይቶ የለመደው ነው፤ አለቃውም እንዲሁ ከሌላ። በሙያችን እንደዚህ ልማድ የሚያሳስበኝ የለም።

ቴስተሩ ውስጥ ያለችው የኒዮን አምፖል የምትበራው በትልቅ ሬዚስተርና በያዛት ሰው አካል አልፎ መሬት በሚደርስ እጅግ ትንሽ ከረንት ነው። ሰውየው ራሱ የመስመሩ አካል ነው ማለት ነው። ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ከቆመ ብርሃኗ ይደክማል፤ ጣሪያ ላይ በጠራራ ፀሐይ ብትበራም አትታይም። 220 ቮልቱ ግን ከቦታው አልተነሳም።

ከዚህ የሚብሰው ኒውትራል ሲቆረጥ ነው። ቤቱ ጨልሟል፣ ቴስተሩ ግን በሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች ይበራል። ብዙዎች «ሁለት ፌዝ መጣ» ብለው ቆጣሪውን መነካካት ይጀምራሉ። የመጣ ሁለተኛ ፌዝ የለም። ፌዙ በተሰካው ማቀዝቀዣ ወይም ባልጠፋ አምፖል በኩል አልፎ በተቆረጠው ኒውትራል ላይ ቆሟል። ዕቃውን ሁሉ ከሶኬት ነቅሎ፣ ማብሪያዎቹን አጥፍቶ መልሶ ለሞከረ ሰው ቴስተሩ በአንዱ ቀዳዳ ይጠፋል። «ኒውትራል አይነዝርም» ብሎ ያደገ ልጅ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ኒውትራሉ የተቆረጠው ከሦስት ፌዝ መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ የአንዳንዱ ቤት ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ስለሚችል ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ይቃጠላል።

ዲጂታል መልቲሜትር መያዝ ብቻውን አያድንም። ከቀጥታ መስመር ጎን የተዘረጋ ባዶ ሽቦ ላይ 60 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ የሜትሩ የውስጥ ሬዚስታንስ ብዙ ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ስለሆነ ከጎረቤት ሽቦ የሚሾልከው ሁሉ ይነበባል። ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ቀዳዳ ላይ ትቶ ሶኬት መለካትም ሾርት ማድረግ ነው። ክላምፕ ሜትርን በፌዝና በኒውትራል ላይ አንድ ላይ የሚያጠልቅም ዜሮ አንብቦ ይሄዳል።

አብረውኝ የሚሠሩ ልጆችን የምጠይቃቸው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ብሬከሩን ካጠፉ በኋላ ሜትሩን መጀመሪያ መብራት እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይሞክሩት። ከዚያ የሚሠሩበትን፣ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኧርዝ፣ ኒውትራል ከኧርዝ ይለኩ። ሽቦውን ሳይነኩ ወደ መጀመሪያው ሶኬት ተመልሰው እንደገና ይሞክሩ። በመሃል የተቆረጠ የሜትር ገመድ የሚጋለጠው በዚህ በመጨረሻው ልኬት ነው።