ቤተ ልሔምን «ታናሽ» ስለ ማለትና «አታንሺም» ስለ ማለት (ማቴ. 2፥6)

ነቢዩ ሚክያስ በምዕራፍ 5፥2 ቤተ ልሔምን ታናሽ ሲላት በወንጌለ ማቴዎስ ግን «አታንሺም» ተብላለች። ይህን ያዩ አንዳንዶች ወንጌላዊው ነቢዩን አረመው ይላሉ፤ ሌሎችም «አታንሺም» ማለት መካከለኛ ነሽ ማለት ነው ብለው ያልፋሉ። ሁለቱም ወገኖች ሰሚው ከቃሉ የሚያወጣውን ነገር ሳይመረምሩ ፈረዱ።

ታናሽነትና ታላቅነት እንደ መስፈሪያቸው ይለወጣሉ። በግሸን ያለው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) መጽሐፈ ጤፉት ፊደሉ እንደ ጤፍ ስለ ደቀቀ ይህን ስም አገኘ ይባላል፤ መድቀቁ የጸሓፊውን እጅ ያስመሰግናል እንጂ መጽሐፉን አያሳንሰውም። ቤተ ልሔምም በሕዝብ ቍጥር ብትሰፈር ታናሽ ናት፤ ከእርስዋ በሚወጣው ብትሰፈር ግን ማን ይተካከላታል? እንግዲህ ነቢዩና ወንጌላዊው አልተጣሉም።

የ«አታንሺም» ነገር ግን ከዚህ ይጠልቃል። መምህር ስለ ደቀ መዝሙሩ ንባብ ተጠይቆ «ደኅና ነው» ቢል፥ ጠያቂው እጅግ የበረታ አይደለም ብሎ ያስባል። መምህሩ ይህን አልተናገረም፤ ጠያቂው እንዲህ ማሰቡ ከፍ ያለውን ቃል እያወቀ ስለ ተወው ነው። (ለክህነት የሚጻፍ ምስክርነትም እንዲሁ ይነበባል፤ ጻፊዎቹም ይህን አይስቱትም።) በዚህ ልማድ ቢሄዱ «አታንሺም» መካከለኛ ያሰኛል። ነገር ግን ግምት የተነገረ ቃል አይደለም፤ መምህሩ ወዲያው «ደኅና ብቻም አይደል፥ ሊቅ ይሆናል» ቢል ግምቱ ይፈርሳል፥ የፊተኛው ቃሉም ሐሰት አይሆንም። በማቴዎስም እስራኤልን የሚጠብቅ አለቃ ከእርስዋ እንዲወጣ በዚያው ቍጥር ተነግሯልና፥ መካከለኛ የሚለው ግምት ሥፍራ የለውም። አንድም፤ ማነስን መካድ በአክብሮት ንግግር ማላቅ ነው፤ ለመኰንን «ከማንም አያንሱም» የሚል ሰው መካከለኛ ናቸው ማለቱ አይደለምና። እኔ ፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ሁለተኛው በልማድ፥ ፊተኛው በራሱ በንባቡ ይመሰክራል።

ይህ ስሕተት በቤተ ልሔም ብቻ ቢቀር ጕዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። አርዮሳውያን ወልድ ከመላእክት እንደሚበልጥ በዕብራውያን 1፥4 የተጻፈውን ይዘው፥ የሚበልጥ ከሚበለጠው ወገን ነው በማለት ጌታን ከፍጡራን ቈጠሩት። ቅዱስ አትናቴዎስም መብለጡ የባሕርይን ልዩነት የሚያሳይ እንደ ሆነ መለሰላቸው። ግምቱን ያመጡት ከራሳቸው ነው እንጂ ከሐዋርያው አይደለም፤ ሁለት ቍጥር ወደ ላይ ቢመለሱ ዓለማት በእርሱ እንደ ተፈጠሩ ያነቡ ነበር።